ኢንቲሳር የሰው ስም ነው

ለተከበሩ የጦርነቱ መንስኤና መዘዝ አጣሪ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ሰብሳቢ
ሐይቅ ዳር ባለው ጽሕፈት ቤትዎ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ሁለቱ ምክትሎችዎ፣ እንዲሁም ወደ ከተማችን ወደ ዙበይር በመጣችሁ ጊዜ የትምህርት ቤቱ አግዳሚ ወንበር እንዳይቆረቁራችሁ ትራስ ተሸክሞ ከኋላችሁ ይዞር የነበረው ትሑት ሰው እንደምን ሰንብታችኋል? እኛ አላህ ይመስገን ደህና ነን። ከከተማችን በስተምዕራብ ከነዳጅ ጉድጓዶቹ የሚንቦገቦገው የጋዝ እሳት እንደ ወትሮው ይነዳል፤ መብራትም እንደ ወትሮው የለም። ሰማያችን ቀልቶ ቤታችን ይጨልማል። በዚህ በኩል አንዳች የተለወጠ ነገር ስለሌለ ሐሳብ እንዳይገባዎ።

ይህ ሦስተኛው ደብዳቤዬ ነው። ሁለቱን በዓረብኛ ጽፌ ነበር፤ አስተርጓሚዎቻችሁ ምን አድርገው እንዳቀረቡልዎ ግን ከመጣልኝ መልስ ተረድቻለሁ። ማስታወቂያችሁ «በማንኛውም ቋንቋ ማመልከት ይቻላል» ስለሚል፣ እኔም ወሎ ተወልጄ በሃያ አራት ዓመቴ ከአሰብ በመርከብ ሞተር ጠጋኝነት ተነስቼ ባስራ ወደብ የወረድኩ፣ እዚሁ አግብቼ እዚሁ ያረጀሁ ሰው ስለሆንኩ፣ ይህንን በእናቴ ቋንቋ ለመጻፍ ደፍሬያለሁ። ቢያንስ ስህተቱ አዲስ ይሆናል። ግልጽ ደብዳቤ ያደረግሁትም፣ የታሸገ ደብዳቤ በጽሕፈት ቤታችሁ ሳይከፈት የማረፍ ልማድ እንዳለው ስላየሁ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ጦርነቱ ከገባ ሃያ ዓመት ካለፈ በኋላ ጉባኤዎ ወደ ከተማችን መጣ፤ በልጃገረዶች ትምህርት ቤት አዳራሽ ሦስት ቀን ተቀምጦም ጦርነቱ ለምን እንደመጣና ምን እንዳስከተለ ከአሥራ አራት ሰዎች ቃል ተቀበለ። ባለቤቴ ኸይሪያ ዘጠነኛዋ ነበረች። ሦስት ደቂቃ ተፈቅዶላት ግማሽ ደቂቃ በቃት። ያለችው ይህን ብቻ ነው፦

«ኢንቲሳር ነፍጥ ልታመጣ ሄደች። አልተመለሰችም። ሌላ ምን ልበልህ የኔ ልጅ?»

ኢንቲሳር ልጃችን ናት። ስሟ ድል ማለት ነው፤ የተወለደችው በቀድሞው ጦርነት ጊዜ፣ የእኛም ራዲዮ የጠላትም ራዲዮ በአንድ ቀን ድል ባወጁበት ዕለት ስለሆነ፣ ማንም ቢያሸንፍ ስሙ አይከስርም ብለን አወጣንላት። ነፍጥ ደግሞ እዚህ አገር እኛ ላምባ የምንለው ነው። ከመሬት የሚወጣውንም ድፍድፍ በዚያው ስም ይጠሩታል፤ የባስራ ሴት ግን «ነፍጥ አልቋል» ስትል የምታየው ምድጃዋን እንጂ የነዳጅ ጉድጓዱን አይደለም።

ጎረቤታችን ኡስታዝ ዲያእ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነው። ሁለት ጥራዝ የሆነው ሪፖርታችሁ በወጣ ጊዜ ይዞልን መጣ። ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ላይ፣ ባዶ ወረቀት መካከል፣ በሚያማምሩ ፊደላት የሚከተለው ሰፍሯል፦ «ድል ነዳጅ ሊያመጣ ሄደ፤ አልተመለሰም። — አንዲት የዙበይር አዛውንት።»

ኸይሪያ ተተርጉሞላት «ታዲያ ስሟ የታለ?» አለች። ዲያእ ሪፖርቱን ወደ ኋላ ያገላብጥ ጀመር። እኔም ምስጋናዬንና አቤቱታዬን እንደሚከተለው በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ። ባለቤቴን ሰዋስው ስላስተማራችሁልኝ አመሰግናለሁ። በዓረብኛ ድል ወንዴ ቃል ነው። እሷ ግን «ሄደች» ብላ በሴት ተናግራለች፤ አጠገቧ የነበረውም አስተርጓሚ በሚገባ ሰምቷታል። ይህ ከሌላ ዓረብ አገር የመጣ የተማረ ወጣት፣ ያልተማረች አሮጊት ተሳስታ ነው ብሎ በማዘን «ሄደ» ብሎ አስተካከለላት። እንዲህ ባለ ደግነት ልጄን በአንዲት ፊደል ከሴትነት ወደ ወንድነት፣ ከሰውነትም ወደ ሐሳብነት አሻገራት። በእሱ አገር ላምባን የሚጠሩት በሌላ ቃል ስለሆነ፣ ነፍጥ ሲባል ነዳጅ ብቻ መስሎት ጀሪካኗንም አብሮ ጣለላት። ሰው እንዳይጎዳ እየተጠነቀቀ ስለሠራው አልቀየምኩትም።

ሁለተኛ። በዚች ዓረፍተ ነገር ላይ ስላደረጋችሁት ጥልቅ ክርክር ምስጋናዬ ወደር የለውም። አንደኛው ፕሮፌሰር በሦስት ገጽ፣ የአገሬው ሰው ራሱ «ነዳጅ ሊያመጣ» ስላለ ጦርነቱ የመጣው ለነዳጅ ነው ብለው አስረድተዋል። ሁለተኛው ፕሮፌሰር በአራት ገጽ፣ የአገሬው ሰው «አልተመለሰም» ስላለ ከነዳጁ የተገኘ ጥቅም የለም፣ ጥቅም ከሌለም ምክንያቱ ሌላ መሆን አለበት ብለው ረትተዋል። በግርጌ ማስታወሻ ደግሞ አንዲት ምሁር፣ አባባሉ ከሱመሮች ዘመን ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ምሳሌያዊ አነጋገር ሳይሆን እንደማይቀር ጠቁመዋል። ኢንቲሳር በሕይወቷ ከሰላሳ ኪሎ ሜትር አልፋ የማታውቅ ልጅ ነበረች፤ አምስት ሺህ ዓመት ወደ ኋላ ስለወሰዳችኋት እናመሰግናለን።

እዚህ በሐጂ ሚዝሂር ሻይ ቤትም ክርክሩ እንደናንተው ሃያ ዓመት ሞልቶታል። ሐጂ ሚዝሂር ሻይ ቤት ከመክፈቱ በፊት ሰላሳ ዓመት ነዳጅ በቧንቧ መግፊያ ጣቢያ የሠራ ሰው ነው። አንዱ ጦርነቱ ለነዳጅ ነው ይላል፤ ሌላው አምባገነኑን ለማውረድ ነው ይላል፤ ሌላው ደግሞ የእኛው ኃጢአት ነው ይላል። ሐጂ ሚዝሂር ብርጭቆውን እያለቀለቀ «ሌባ ጓዳችሁ ገብቶ ሳለ ቅቤ ፈልጎ ነው ማር ፈልጎ ነው እያላችሁ ተከራከሩ እሺ፤ እኔ በሩን ልዝጋ» ይላል። በሩን ግን እሱም ዘግቶት አያውቅም። የዓባይ ልጅ ውሃ ጠማው ይባል የለ? ከእግራችን በታች የነፍጥ ባሕር ተኝቶ ጦርነቱ በገባበት ዓመት በብርዱ ወራት ለሃያ ሊትር ነፍጥ ከንጋት ጀምሮ እንሰለፍ ነበር። ይህንን በሪፖርታችሁ ፈልጌ አጣሁት። ምናልባት መንስኤም መዘዝም ስላልሆነ ይሆናል።

ሦስተኛ። ስለ ሟቾች ዝርዝር። አባሪ ሦስት ላይ የዙበይር ሟቾች በስም ተጽፈዋል። ኢንቲሳር የለችበትም። ጽሕፈት ቤታችሁን በስልክ ብጠይቅ፣ መሞቷን ለጉባኤው የነገረ ምስክር እንዳልተገኘ አስረዱኝ። ምስክሯ ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ናት ብዬ ብጽፍ፣ እዚያ የተጠቀሰው አባባል እንጂ ምስክርነት አይደለም አላችሁኝ። የልደት ወረቀቷን፣ የመምህራን ማሰልጠኛ መታወቂያዋን፣ የሞት ማስረጃዋን ላክሁ። ማስረጃው «ባልታወቀ ወገን ተኩስ» ስለሚል፣ ሰንጠረዣችሁ ሁለት የታወቁ ወገኖች ብቻ እንዳሉት፣ ለሦስተኛ ዓምድ ወረቀቱ እንደማይበቃ በትሕትና ገለጻችሁልኝ።

አራተኛ። የመጨረሻ መልሳችሁ። ቃል በቃል እንዲህ ይላል፦ «የእርማት ጊዜ ያለፈ ከመሆኑም በላይ፣ አባባሉን ሁለቱም ወገኖች በእኩል የተጠቀሙበት ስለሆነ መለወጡ የክርክሩን ሚዛን ያዛባል።» ክቡር ሆይ፣ ይህንን ሳነብ ሳቅኩ። ልጄ በሕይወቷ ብዙ ነገር ችላለች፤ እናቷን ታስታምም ነበር፤ የጎረቤት ልጆች ታስጠና ነበር። የሁለት ፕሮፌሰሮችን ሚዛን ጠብቃ መያዝ እንደምትችል ግን አላውቅም ነበር። ኩራት ይሰማኛል ልበል?

አምስተኛው አቤቱታ በእናንተ ላይ አይደለም። ሆኖም ስለ ጦርነቱ መንስኤና መዘዝ የማውቀው ይህን ብቻ ስለሆነ፣ በመዝገባችሁ ቦታ ባይኖረውም ልጻፈው።

ጦርነቱ በገባ በመጀመሪያው የብርድ ወራት፣ በጥር፣ የነፍጥ ሰልፍ ተራው የእኔ ነበር። እኔ ግን ሻይ ቤት ተቀምጬ ከሐጂ ሚዝሂር ጋር ጦርነቱ ለምን መጣ እያልኩ እከራከር ነበር። ለነዳጅ አይደለም የምለው እኔ ነበርኩ። ጥሩ ጥሩ ማስረጃ ነበረኝ። ኢንቲሳር ባዶ ጀሪካን ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«ያባ፣ ዛሬ ተራው ያንተ እኮ ነው። የእማዬ ጉልበት በብርድ ተቆራምዷል።»

«መጣሁ የኔ እናት፣ ይህን ሰውዬ ልርታውና።»

«እሱን እስክትረታ ነፍጡ ያልቃል። ተወው በቃ፣ እኔው እሄዳለሁ። አንተ ጦርነቱን ጨርስ።»

ሐጂ ሚዝሂር ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ እሷም እየሳቀች ሄደች። ከማደያው ፊት ለፊት ወታደር የጫኑ መኪኖች ሲያልፉ ከአንድ ጣራ ላይ ተተኮሰ፣ ከመኪናም ተመለሰ። የማን ጥይት እንደሆነ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ተራዋ ሊደርስ ከፊቷ አራት ሰው ብቻ ቀርቶ ነበር። ጀሪካኑን ሐጂ ሚዝሂር አመጣልን፤ ባዶ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ሻይ ቤቱ ስለ ጦርነቱ ሲከራከር እሰማለሁ፣ እኔ ግን አንድ ቃል ተንፍሼ አላውቅም። ለምን እንደመጣ ባውቅ ኖሮ ምን እንደማደርግበት አላውቅም። ተራዬ እንደነበር ግን አውቃለሁ።

ለኸይሪያ ይህንን ነግሬያት አላውቅም። እሷ ሻይ ቤት ሳለሁ ድንገት አሞኝ የቀረሁ ይመስላታል።

አንድ ነገር ልጨምርና ልሰናበት። ኸይሪያ ሰው ልጅሽ ምን ሆነች ሲላት «ነፍጥ ነው የበላት» ትላለች። ያ ቃል በእናንተ መጽሐፍ የምድር ሀብት ነው፤ በእሷ አፍ ላምባ ነው። በእናቴ ቋንቋ ግን፣ ክቡር ሆይ፣ ነፍጥ ማለት ጠመንጃ ነው። ባለቤቴ አንድ የአማርኛ ቃል አታውቅም፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ግን ልክ እንደ አገሬ ሰው ትናገራለች። ያለ አስተርጓሚ የሚሰማት እኔ ብቻ ነኝ፤ በሰማኋት ቁጥርም ያች ጠዋት ትመጣብኛለች።

ስለዚህ የምለምነው አንድ መስመር ነው። አባሪ ሦስት ላይ፣ ከፈለጋችሁ በትንንሽ ፊደል፣ «ኢንቲሳር እንድሪስ፣ ሃያ አንድ ዓመቷ፣ ሴት፣ ላምባ ልትቀዳ ተሰልፋ ሳለ» ተብሎ ይጻፍ። ሴት የሚለውን አደራ እንዳትረሱ። እንደማይጻፍ አውቃለሁ፤ ለሁለተኛ እትም የሚሆን ጊዜና ሐሳብ ወደ ሌላ ነዳጅ ወዳለበት አገር ተዛውሯል ሲባል ሰምቻለሁ። እዚያ ላሉትም ጎበዝ አስተርጓሚ ያድርግላቸው።

ጉባኤዎ ጦርነት የማያልቅበት ዕድሜ ይኑረው፤ ትራስ ያዡም ጤና አይጉደልበት። ትዕግሥታችሁን በረጅም ቃል ስለፈተንኩም ይቅርታ አድርጉልኝ።

ታዛዥዎና የሪፖርትዎ ታማኝ አንባቢ፣

እንድሪስ ይመር
ከዙበይር፣ የገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት አባት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከሪፖርቱ ጋር በስጦታ ስለላካችሁልን የጨርቅ ከረጢት ሳላመሰግን ብቀር ነውር ነው። ያች አባባል በእንግሊዝኛ ፊደል ታትማበታለች። ኸይሪያ «ሰሙን» የሚሉትን የዚህን አገር ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ የምትይዘው እሱን ነው። ባለፈው ወር፣ አቤቱታችን ምን ደረሰ ብላ ስትጠይቀኝ፣ «ተሳክቷል፣ ስሟን ጽፈውልናል» ብዬ ዋሸኋት። የት እንደሆነ አሳየኝ ስትለኝ ከረጢቱን አነሳሁና ጣቷን ይዤ «ድል» የሚለው ቃል ላይ አስቀመጥኩላት። አሁን ከቤት በወጣች ቁጥር እዚያው ላይ በአውራ ጣቷ ዳሰስ ታደርገዋለች፤ ቀለሙም እየለቀቀ ነው። ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የጻፍኩበት ዋናው ምክንያት እንግዲህ፣ በዙበይር ከእኔ በቀር ማንም አንብቦ ሊነግራት ስለማይችል ነው። ምናልባት አንድ ቀን ኅሊናችሁ ወቅሷችሁ ልታርሙ ብትነሱ፣ መጽሐፉን እንደፈለጋችሁ አድርጉት፤ ከረጢቱን ግን አደራ እንዳትነኩብኝ።