እናታችን ያነሳችው ሰሌን

ላሊበላ፣ የካቲት 14 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ። ለጤናህ እንደምን አለህልኝ? የምሽጉ ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኔና እምዬ ቆመን እንሄዳለን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ድምፅህን ካጣን ዘጠኝ ወር ሆነን፤ ይህ አራተኛ ደብዳቤዬ ነው።

መርዶ በወረቀት እንደማይነገር አውቃለሁ። ምን ላድርግ፣ ከሌላ ሰው ሰምተህ ጠመንጃህን አንግተህ እንዳትመጣ ብዬ ነው። አባታችን የለም። በጥር መጨረሻ ከገበያ ሲመለስ የእርዳታ እህል የጫነ መኪና ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን እንቢ ብሎት ገጨው። ቤት ሳናደርሰው አለፈ። ተቀምጠህ አንብበው።

መኪናውን የነዳው ከሳሞአ የመጣ የአንድ ሰውዬ ልጅ ነው። ሳሞአ ባሕር መሐል ያለች አገር ናት አሉ። ሰውዬው ከሚስቱና ከልጁ ጋር መጥቶ መጠለያው ውስጥ ለተራቡት ልጆች ቁጥርና መዝሙር ያስተምራል። ቄስ ነኝ ይላል፤ ጥምጥም የለው፣ የእጅ መስቀል የለው፣ ስንስቅበት ነበር። ሚስቱና ልጁ ካልቀረቡ እህል አይቀምስም። ልጁ ከታሰረ ወዲህ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ነበር የሚውለው።

አጎታችን አረጋ ደሙን ሳልመልስ አልቀርም፣ ልጁ ይፈታ ብቻ ብሎ ጠመንጃውን ወልውሎ ተቀመጠ።

ባለፈው ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ እምዬ በሩን ከፈተች። ደጃፉ ላይ በሰሌን የተሸፈነ ነገር! ኧረ ጉዴን፣ እኛ አገር ሬሳ የሚጠቀለለው በሰሌን አይደል? ልጄን አመጡልኝ ብላ ጮኸች። አንተን ማለቷ ነው። እኔ ከመደቡ ሳልወርድ ሄዳ ገፈፈችው።

ከሥሩ ሰውዬውና ሚስቱ ተንበርክከዋል፣ ግንባራቸው መሬት ነክቶ። በሕይወት! ሰውዬው እንባው እየወረደ የእምዬን እግር ሳመ። የመጠለያው አስተርጓሚ ደርበው አጥሩ ሥር ቆሞ ኖሮ አስረዳን። በአገራቸው ሰው ነፍስ ያጠፋ እንደሆነ ቤተሰቡ ምንጣፍ ተከናንቦ በተበዳዩ ደጅ ይንበረከካል። ተበዳዩ ካሻው ይገድላቸዋል፤ ምንጣፉን ካነሳላቸው ግን ማረ ማለት ነው።

ጩኸቷን ሰምቶ የመጣው አጎታችን ጦፈ። ሳታውቅ ያነሳችው አይቆጠርም፣ መልሰው ይልበሱት አለ። እምዬ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ስታለቅስ ቆየችና፣ ልጄ አለመሆኑን ሳይ ተመስገን ብያለሁ፣ ተመስገን ካልሁ በኋላ እንዴት አድርጌ መልሼ ላልብሳቸው፣ የሱም ልጅ ልጅ ነው አለችው። ትቷት ወጣ። ጠመንጃውን ግን አላስቀመጠም፤ የታላቁን ልጅ ቃል ሳልሰማ አልተወውም ይላል፣ ያንተን ማለቱ ነው። የሰውዬው ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ይፈታል።

እኔ ገና አልማርሁም፣ አልዋሽህም። አባታችን ትዝ ሲለኝ አንጀቴ ይቃጠላል። ግን ከሰሌኑ ሥር አንተን ባለማየቴ ደስ ብሎኛል፣ በአባታችን ኀዘን ላይ ደስ አለኝ፣ አፈር ልብላ!

ሰሌኑን ለእምዬ ትተውላት ሄዱ። ሚስትዬዋ በእጇ የሠራችው ነው፣ እንደ ነጠላ የሳሳ። እምዬ ማንንም አታስቀምጥበት፤ ልጄ በእግሩ መጥቶ ይቀመጥበታል እያለች ጠዋት ጠዋት ታራግፈዋለች።

እባክህ፣ ለአጎታችን ምሬአለሁ ብለህ አንዲት መስመር ጻፍለት። መጻፍ ባይመችህ ባዶ ወረቀትም ቢሆን በፖስታ ላክልን፤ እምዬ ያንተ እጅ የነካው መሆኑን ታውቃለች።

ቅዱስ ላሊበላ ከጥይት ይከልልህ፤ ደጃችንን በእግርህ ለመርገጥ ያብቃህ።

እህትህ