መጨረሻው የተጨሰ መጽሐፍ

ውድ ወንድሜ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እንደምን ከርመሃል? የሜጋ ንፋስ እንዴት ይዞሃል፣ ሚስትህና ልጆችህስ ደኅና ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። ነገሌ ዘንድሮ ዝናቡ ቀርቶባት ከብቱ ከስቷል፣ ገበያውም እንደ ከብቱ ነው። በሾፌሩ በራሺድ የላክኸው ስኳር ደርሶኛል። ስኳሩን ተቀብዬ አንተን ሳላይ መቅረቴን ግን አልወደድኩትም፤ ራሺድ ከአንተ ይልቅ ዘመዴ ሊሆን ምንም አልቀረው።

ሙዘሚል ከእስር ከወጣ ወዲህ ስለ ቤታችን ጠይቀኸኝ አታውቅም፣ እኔው ልንገርህ። ባሌ ተመልሶልኛል፣ ብቻዬን መሆኔ ግን አልቀረም። ሱቁን ይከፍታል፣ ይበላል፣ ይሰግዳል፤ ከእኔ ጋር ያለው ጨዋታ ጨው አለ ወይ፣ አለ ነው። አንደበቱ የሚፈታው ስለ አንድ መጽሐፍ ሲያወራ ብቻ ነው። አዳነ የሚባል የድሮ መቶ አለቃ እስር ቤት ውስጥ ለእስረኞቹ ያነብላቸው የነበረ፣ ከፈረንሳይኛ የተተረጎመ ወፍራም ልብ ወለድ ነው። ሽፋኑ የለም። የመጨረሻዎቹን ገጾች እስረኞቹ ትንባሆ እየጠቀለሉባቸው አጭሰዋቸዋል። ሙዘሚል ሲፈታ አዳነ የተረፈውን ሰጠው።

አሁን ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ይተርከዋል፣ በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ይጨርሳል። ከብት ሊሸጡ የመጡት ገበያቸውን ትተው ያዳምጡታል። አንድ ጀልባ ሠሪ በመንግሥት ለውጥ ሰሞን በሐሰት ተጠቁሞ ይታሰራል፤ አምልጦ ከኮንትሮባንድ ነጋዴዎች ጋር ባሕር ያቋርጣል፤ በመጨረሻ በሌላ ስም ሹም ሆኖ ይመለስና የጠቆመውን ሰው በር ሊያንኳኳ እጁን ሲያነሳ ገጹ ያልቃል። መጨረሻውን አድማጩ ሁሉ እንደየጠባዩ ይፈጥረዋል። አንዱ ይገድለዋል፣ አንዱ ያሳስረዋል፣ ራሺድ ደግሞ ሚስቱን ይቀማዋል ብሎ ተከራክሯል። ሙዘሚል አንዱንም አይመርጥም።

እኔ ጓዳ ሆኜ ስሰማ የያዝኩትን ሥራ እተዋለሁ። ለምን እንደሆነ ታውቃለህ። ባትሪ ድንጋይ ማከማቸት በሚያስጠይቅበት በዚያ ጊዜ አንድ ካርቶን ባትሪ ድንጋይ ሱቃችን ውስጥ ከጤፍ ጆንያዎቹ ኋላ መቀመጡን ከሦስታችን በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ለእረኞች ሬዲዮና ለነጋዴ ትርፍ እንጂ ለማንም አልነበረም። አንተን ጣቢያ ወስደው አሳደሩህ፤ በማግስቱ ወጣህና ፊቴን ሳታይ ምሳ በላህ። ሙዘሚልን ጫካ ለገቡት ያቀብላል ብለው የወሰዱት በዚያው ቀን ነው። ብዙም ሳትቆይ አንተ ሜጋ ገባህ። ደብድበውህ ይሆን፣ አስፈራርተውህ ይሆን፣ ጠይቄህ አላውቅም። ለሙዘሚልም ትንፍሽ አላልኩም። አንዱ ወንድሜ፣ አንዱ ባሌ፤ በመካከላችሁ እንደ እኔ ብቻውን የቀረ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ባለፈው ሐሙስ ዋሪዮ መጣ፤ ጨው ከእኛ የሚገዛው የቦረና ሽማግሌ፣ ታስታውሰዋለህ። ታሪኩን እስከ ዳር ሰማና፣ ያኛው ምን ሆኖ ቤቱ ተቀመጠ ብሎ ጠየቀ። ሙዘሚል የትኛው ቢለው፣ ጠቋሚው አለ። በእኛ ዘንድ ቢሆን ራሱ ወጥቶ ሽማግሌ ፊት ያደረገውን ይናገራል፣ ራሱ ከተናገረ እጁን የሚያነሳበት የለም፣ ናጋ፣ ሰላም ማለት ነው፣ ይወርዳል አለው። ሙዘሚል መጽሐፉን ዘጋ።

ማታ እራት ሳቀርብለት “ለወንድምሽ ጻፊለት” አለኝ። ምን ብዬ ስለው ቀና ብሎ አየኝ።

“እኔ በሩን አላንኳኳም። እሱ ይምጣ።”

ሳህኑን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ለካ የጠቆምከው አንተ መሆንህን ከመጀመሪያው ያውቅ ኖሯል። እኔን ከወንድሜ ላለማጣላት ዝም ብሏል፣ እኔም አንተን ላለማስነካት ዝም አልኩ፤ ያን ሁሉ ዘመን አንድ ጣሪያ ሥር አንድ ነገር ለየብቻ ስንሸከም ኖርን። አለቀስኩ። እሱ እራቱን በላ።

ይቅር ብሎሃል ብዬ አልምልልህም፣ ልቡን አላየሁትም። ዋሪዮ ግን ሐሙስ ሐሙስ አይቀርም። ስትመጣ እሱ ባለበት ሰዓት ና። እንደ ዘመድ በጓሮ አትግባ፤ በሱቁ በኩል፣ ሰው ሁሉ እያየህ ግባ።

አላህ መንገድህን ያቅናልህ፣ ልጆችህን ያሳድግልህ፣ አንደበትህንም ይፍታልህ። አንተ ብቻ አትቅርብኝ።

የእናትህ ልጅ፣
እህትህ