ትርንጎን ወደ ግቢ አታውጫት

እየሩስ፣

ባሌን ሰውአገኝን መንገድ ላይ ለማስቀረት ወደ ጋሸና ሄጃለሁ። ስልኩ ከጠዋት ጀምሮ ዝግ ነው።

ዛሬ ከትርንጎ ጋር የሥዕል መጽሐፏን ስናገላብጥ አንድ ባለ ኮፍያ ሰውዬ ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«እማዬ፣ እንደዚህ ዓይነት ሰውዬ እኮ በአጥሩ ቀዳዳ ያናግረኛል።»

«ምን ይልሻል?»

«አባትሽ መቼ ነው የሚመጣው አለኝ። እሑድ አልኩት።»

ነገ እሑድ ነው።

ሰውአገኝ ኮን ከተማ ፍርድ ቤት በግድያው ጉዳይ ገዳዮቹ ላይ ከመሰከረ ወዲህ ወደ ቤት ተደብቆ እንደሚመጣ ታውቂያለሽ። ሐሙስ ዕለት «አጥሩ ሥር ሰው ቆሟል» ስትዪኝ ፈሪ ነሽ ብዬ ሳቅሁብሽ። ያን ቀን ሰምቼሽ ቢሆን...

ራቷ ድስቱ ውስጥ ነው፣ አሙቂላት።
በሩን ከውስጥ ቀርቅሪው። የማታውቂው ሰው ስሜን ጠርቶ ቢያንኳኳም አትክፈቺ።
መጽሐፉን እናንብብ ካለችሽ አብረሻት አንብቢ። ስለ ሰውዬው ግን ደግመሽ አትጠይቂያት፣ እንዳትፈራ።

እስከ ነገ ማታ ካልተመለስኩ ልጄን እናቴ ዘንድ አድርሺልኝ።

የት እንደሄድኩ ግን ለትርንጎ እንዳትነግሪያት። ልጅ ናት፤ ለጠየቃት ሁሉ ትናገራለች።

ባንችይርጋ