ከእማዬ አልጋ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ

ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከረምክ? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ያ የወገብህ ነገር ተሻለህ ወይ? እኛ ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት፤ ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ደስ ባላት ቀን ታንጎራጉራለች። ይህን የምጽፈው ለወግ ያህል አይደለም። እውነትም ደህና ናት፤ እዚህ ደህና መሆኗን ልብ በልልኝ።

በስልክ ልነግርህ ደጋግሜ ሞክሬ ነበር። ግን ራስህን ታውቃለህ፣ ገና አፌን ስከፍት "ገባኝ፣ ገባኝ" ትላለህ፤ እኔም "ገባኝ" ካልከኝ በኋላ ያልገባህን ነገር መጀመር አይሆንልኝም። ከልጅነቴ ጀምሮ አንተ ፊት ምላሴ ይተሳሰራል። ወረቀት ግን አያቋርጠኝም። ፎቶህን ያመጣልኝ ሹፌር ነገ ስለሚመለስ በእሱ እጅ እልክልሃለሁ። ቅዳሜ እማዬን ልትወስድ ከመነሳትህ በፊት እስከ መጨረሻው አንብበው። እባክህ ቁጭ ብለህ አንብበው።

"ፎቶዬን ሰቀልሽው ወይ? እየለመደችኝ ነው ወይ?" ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። መልሱ ረዘም ስለሚል ከግድግዳው ልጀምርልህ።

ካንተ ቤት ወደ እኔ ስትመለስ ሰው እየጠፋባት ነበር። እኔን "እመቤቴ" ትለኛለች። ባሌን ቧንቧ ሊሠራ የመጣ ሰው አድርጋው "አንተ ሰውዬ፣ መቼ ነው የምትጨርሰው?" ስትለው እሱም ምስኪን "ነገ" ይላታል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ የቤተሰቡን ፎቶ አልጋዋ ፊት ለፊት ስቀሉላት፣ በየቀኑ ካየቻቸው ቶሎ አይጠፉባትም አለችን። በመስታወት ፍሬም አድርጌ ሰቀልኩ። መስታወቱ ላይ የራሷን መልክ እያየች "ይቺ አሮጊት ምን ታፈጥብኛለች? ቤት የላትም?" ብላ ከራሷ ጋር ትጣላ ጀመር። መስታወቱን አውጥቼ ወረቀቱን ብቻ ስለጥፍላት ደግሞ እየላጠች፣ አጣጥፋ ጡቷ ሥር ትሸጉጠዋለች። ቀሚሷ ሲታጠብ ስንቱ ዘመዳችን ውሃ ውስጥ ቀልጦ እንደቀረ ብነግርህ አታምነኝም።

መላውን ያመጣልኝ ጎረቤታችን አናጢው ነው። ፎቶውን እኔ በምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት በሌዘር ፕሪንተር አትመዋለሁ፤ በሌላው ማሽን ከሆነ ቀለሙ ውሃ ሲነካው ይፈሳል። ከአናጢው የለመንኩትን ቁርጥራጭ ጣውላ በብርጭቆ ወረቀት አለሰልስና ነጭ ኮላ እቀባዋለሁ፤ ከዚያ ፎቶውን በግንባሩ ደፍቼ አጣብቀዋለሁ። አድሮ ሲደርቅ በእርጥብ ስፖንጅ አረጥበውና በጣቴ ቀስ እያልኩ ሳሸው፣ ወረቀቱ እየተንከባለለ ይለቅና ሰውየው እንጨቱ ላይ ይቀራል። በላዩ የማያብለጨልጨውን ቫርኒሽ እደርብበታለሁ። አይላጥም፣ አይታጠፍም፣ አሮጊትም አያሳይም።

እጄ እስኪለምድ ድረስ ግን ብዙ ዘመድ አበላሽቻለሁ። የመጀመሪያዋ አክስታችን ነበረች። አብዝቼ ሳሻት አፍንጫዋ ከወረቀቱ ጋር ተነሥቶ መጣ። እማዬ ትኩር ብላ አየቻትና "ይሻላታል፤ የድስቴን ክዳን እየከፈተች ስታሸት ነው የኖረችው" አለች። ባሌ ሳቁ አምልጦት ወደ ጓዳ ሮጠ። ቀጥዬ አባዬን ሠራሁ፣ ሬዲዮ ሲጠግን የተነሣውን። ፎቶው ሲደፋ ቀኙ ግራ እንደሚሆን አላወቅኩም ነበር። ገና ከመስቀሌ እማዬ "ሰውየው ከመቼ ጀምሮ ነው ግራኝ የሆነው?" አለችኝ። የገዛ ባሏን ስም ረስታዋለች፤ መፍቻውን በየትኛው እጁ እንደሚይዝ ግን አልረሳችም። ከዚያ ወዲህ ኮምፒዩተሩ ላይ አስቀድሜ እየገለበጥኩ ነው የማትመው።

ይህን የማወራህ እንድትስቅ ብቻ አይደለም። እማዬ ስም ይጠፋባታል፣ ቀን ይጠፋባታል፤ ሰውን ግን ስታይ አትሳሳትም። ዛሬ ግድግዳው ሞልቷል። ጠዋት ስትነሣ ከዳር ጀምራ እያንዳንዱን በጣቷ እየነካች "አደራችሁ?" ትላለች። አክስታችንን ታልፋታለች።

ያንተ ፎቶ ሲመጣ እንዴት ደስ እንዳለኝ። ሱፍ ልብስህን ለብሰህ፣ አንድ እጅህን ኪስህ ውስጥ ከተህ፣ ቤትህ በር ላይ ቆመሃል። አናጢው ሰፊ ጣውላ ቆረጠልኝ። እንዳንተ የተጠነቀቅኩለት የለም፤ የክራባትህ ነጠብጣብ ሳይቀር አንድም ሳይጎድል ወጣ። አልጋዋ ፊት ለፊት መሃል ላይ ሰቀልኩህና "ትልቁ ልጅሽ ነው፣ ቅዳሜ ይመጣል" አልኳት። ስታይህ ቆየች።

በማግሥቱ ቁርስ ይዤ ስገባ አልጋዋን አንጥፋ፣ ጫማዋን አድርጋ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ መሬት መሬት ታያለች። አልጋ ማንጠፍ ከተወች እኮ ቆይታለች። "ምነው እማዬ?" ብላት ቀና ሳትል፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ "ሽንት ቤት ልሂድ ወይ?" አለች። እኔን የጠየቀችኝ መስሎኝ "ሂጂ እንጂ፣ ምን ያስጠይቅሻል?" አልኳት። ንቅንቅ አላለችም። ዓይኗን ብቻ ሰረቅ አድርጋ ወደ ግድግዳው አነሣች። ስትጠይቅ የነበረው አንተን ነው። መልስ ስትጠብቅ ቆይታ ለካ ቀሚሷ ርሷል።

ጥፋቱን በራሴ ሥራ ላይ አደረግኩት። ማሽኑ ፊትህን አጥቁሮት ይሆናል ብዬ አፍክቼ እንደ ገና ሠራሁት። ያው ሆነች። ሱፉ ይሆናል ያስፈራት ብዬ ባሌን የሠርጉን ሱፍ አስለብሼ አስገባሁት፤ "ዛሬ ደግሞ ምን ተገኘ? ቧንቧው ይቆሽሽብሃል" ብላ ሳቀችበት። ስለዚህ ሱፉ አይደለም። ጣውላውን ከመሃል አንሥቼ በሩ አጠገብ ብሰቅለው በበሩ አልወጣም አለች። ሳሎን ብወስደው ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣ በላች፣ ግማሹን ዳቦ እጅጌዋ ውስጥ ከተተች፣ ስትነሣ ወደ ጣውላው ዞራ "ምንም አልነካሁም" አለች። ባሌ ማንኪያውን አስቀመጠ። ከዚያ በኋላ ማናችንም አልበላንም።

በሽታው ነው እንደምትለኝ አውቃለሁ። ካንተ ቤት ያን ያህል ከስታ የመጣች ጊዜም ያልከኝ ይህንኑ ነው፤ እኔም አምኜህ ነበር። አሁንም ላምንህ ስለፈለግኩ አንድ ነገር ሞከርኩ። አንደኛ ክፍል የገባህ ቀን የተነሣኸውን ፎቶ አወጣሁ፤ የፊት ጥርሶችህ ወልቀው፣ የአባዬ ቀበቶ ወገብህ ላይ ሁለት ዙር ዞሮ። ትንሽ ጣውላ ላይ ሠርቼ እጇ ላይ አደረግኩላት። ያን ጊዜ ያደረገችውን ብታይ አንጀትህን ትበላው ነበር። ሳመችህ፣ አገላብጣ ሳመችህ። "ልጄ ነው። ሲበላ ቀስ አይልም፣ ያንቀዋል" አለችኝና ዳቦ ፈርፍራ አፍህ ላይ አሻሸችው። በየቀኑ ታጎርስሃለች፣ እኔም በየቀኑ እወለውላለሁ። ከሁላችንም አብልጣ የምትወደው አንተን ነው። ይህን እኔ ነኝ የምነግርህ፣ ስቀናብህ ያደግኩት።

ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን ይዤላት ቀረብኩ። "ይሄ ማነው?" አልኳት፣ ትንሹን እያሳየሁ። "ልጄ" አለች። "ይሄስ?" ብዬ ትልቁን ወደ እሷ ሳዞረው ትንሹን ከእጄ ነጥቃ ሻርፗ ውስጥ ደበቀችው። ጆሮዬ ሥር ተጠግታ "ልጁን እንዳያይብኝ" አለችኝ።

እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ወንድም ጋሼ፣ ተናድጃለሁ። እስከ ዛሬ ባንተ ተናድጄ አላውቅም። አባዬ ሲሞት አባት የሆንከኝ አንተ ነህ፤ ትምህርት ቤት በር ላይ ጎንበስ ብለህ የጫማዬን ክር ስታስር አናትህ ላይ የነበረው ጠባሳ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። ይህን ሁሉ እያሰብኩ ነው የምናደደው።

ባለቤትህ ጋ ደውዬ ነበር፤ ነግራህ ይሆናል። እማዬ እናንተ ጋ በነበረችበት ዓመት፣ እናንተ ሥራ ስትሄዱ ቀኑን ከማን ጋር ትውል እንደነበር ብቻ ነው የጠየቅኳት። በክፉ አልጠየቅኳትም። እሷ ግን መልሳ "ምን ነገረችሽ?" አለችኝ። እናታችን የገዛ ስሟን እንኳን እንደማታውቅ እሷም ታውቃለች። "ምንም አልነገረችኝም" አልኳት። "እኛም ሥራ አለብን እኮ" ብላ ስልኩን ዘጋችው።

አንተን ግን ምንም አልጠይቅህም። ጠይቄህ ብትዋሸኝ ወንድሜን አጣለሁ፤ እውነቱን ብትነግረኝም ምን እንደማደርግ እንጃ።

ትልቁ ልጅ እያለ እናት ሴት ልጇ ቤት መኖሯ ለሰው ወሬ ነው ብለሃል። ሰው የፈለገውን ያውራ፤ መጥቶ ቀሚሷን አይቀይርላትም። ሻንጣዋን አዘጋጂ ብለኸኝ አዘጋጅቼ ነበር፣ ፈትቼዋለሁ። ባሌን ታውቀዋለህ፣ ቃል በልመና ነው የሚወጣው። ትናንት ትልቁን ጣውላ አውርዶ በብርድ ልብስ ጠቀለለና ዕቃ ቤት አስገባው። ሲመለስ እጁን እየታጠበ "ቅዳሜ ሥራ አልገባም" አለኝ። እኔ በር ላይ ነገር እንዲነሣ አልፈልግም፣ በተለይ እሷ እያየች።

ስለዚህ እለምንሃለሁ። ሻንጣ ለመጫን አትምጣ። ባለቤትህንም አታምጣት። መምጣት ካማረህ ብቻህን ና፣ ያገኘኸውን ልብስ ለብሰህ። ስትገባ ከፊቷ አትቁም፤ ወለሉ ላይ ከእሷ ዝቅ ብለህ ተቀመጥና የሰጠችህን ብላ። ምናልባት ያንን ጥርሰ ወላቃ ታገኝብህ ይሆናል። ይህን እኔም ከልቤ እመኛለሁ፤ ጣውላው ላይ ካለው ይልቅ ሥጋ ለባሹን ብታጎርስ እንዴት ደስ ባላት። ካላገኘችብህ ግን ሻይህን ጠጥተህ ትነሣለህ፣ እኔም መንገድ ድረስ እሸኝሃለሁ። እማዬ ከዚህ ቤት አትወጣም። ይህን ፊትህ ቆሜ ብሆን አልለውም ነበር። እዚህ ግን ጽፌዋለሁ፣ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ አልሰርዘውም።

ልጆችህን ያሳድግልህ። ሲያድጉም ልባቸውን ላንተ ያራራልህ፣ እርጅናህን በደጅህ፣ በሰው መሃል ያድርግልህ። ወገብህን ይማርልህ። እንዲህ ስጽፍብህ የዋልኩትን ነገር ሁሉ፣ ተሳስቼ ከሆነ በእኔ ላይ ያድርገው።

ልፈርም ስል እማዬ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ለማን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ። "ለትልቁ ልጅሽ" አልኳት። ፊቷ በራ። "ደህና ነህ ወይ በይልኝ። ናፍቀኸኛል በይልኝ" አለች። እሺ ብዬ ስጽፍ እጄን እያየች ቆየች። እንዳልጨረስኩ ስታይ ወደ በሩ ዘወር አለችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "እዚህ መሆኔን ግን አትጻፊለት" አለችኝ።

ታናሽ እህትህ