የአወድ ማራገቢያዎች

ማክሰኞ

እንደገና ጠፋ! የዘሃራን የሰርግ ቪዲዮ ኮምፒውተሩ አጠናቆ ሊያወጣ ትንሽ ሲቀረው ስክሪኑ ጭልም አለ። ያውም ማን ፊት? ዘሃራ ራሷ፣ እናቷ እማማ ሐዋና ወንድሟ አወድ ሊያዩት መጥተው ስቱዲዮ ውስጥ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ዘሃራ እሑድ ከባሏ ጋር ወደ ማንኩሽ ትሄዳለች። ቪዲዮውን ይዛ መሄድ ነው ምኞቷ።

አወድ ሸሪኬ ነው። እሱ ይቀርፃል፣ እኔ አቀናብራለሁ። ኮምፒውተሩንም የገጣጠመው እሱ ነው። ጎንበስ ብሎ እንደ ጋለ አየና «ፋኑን ቀየርክ እንዴ?» አለኝ። ሴት መሆኔን አጥቶት አይደለም፤ አማርኛ የተማረው ትምህርት ቤት ገብቶ ስለሆነ እስከዛሬ «አንተ» ነው የሚለኝ። ለምጄዋለሁ፣ እንዲያውም ደስ ይለኛል።

አዎ፣ ማራገቢያዎቹን ባለፈው ሳምንት ቀይሬያለሁ። የእሱዎቹ ወፍራምና ጥቁር ናቸው፣ ጩኸታቸው ያሰለቻል። እኔ ያስመጣኋቸው ባለ መብራት ናቸው፣ ሙሽሮች አጠገባቸው ፎቶ ይነሳሉ።

«ይሄ የማቀዝቀዣው ራዲያተር ጥርሱ ጥብቅ ነው። ደካማ ፋን አይሆነውም» አለ።

ሰው ፊት ስለሆነ አፈርኩ፣ አፍሬም ተናደድኩ። «ጥፋቱ ያንተ ራዲያተር ነው። የኔዎቹ ይበልጣሉ፣ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል። ማንበብ ትችላለህ አይደል?»

እናቱ ፊት። እህቱ ፊት። እማማ ሐዋ ሻርፓቸውን አስተካክለው ተነሱ። አወድ ካሜራውን አንስቶ ተከተላቸው።

ረቡዕ

አወድ አልመጣም። ስልኩ ይጠራል፣ አያነሳም።

ኮሌጅ አብረን ስንማር በአማርኛው የሚስቁበት ልጆች ነበሩ። እኔ ነበርኩ የምቆጣቸው። አሁን እኔው «ማንበብ ትችላለህ» አልኩት። ምን ነክቶኝ ነው? አፌን በቆረጠው።

ሥራው ግን አይጠብቅም። ዛሬ የሞከርኩት፦

አጎበሩን አነሳሁ። እዚህ ከተማ በቀዩ አቧራ ምክንያት የአጎበር ቁራጭ ያልለበሰ ኮምፒውተር የለም። የኛንም ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ መልስ አወድ ነው አውልቆ የሚያጥበው። ካነሳሁት በኋላ ትንሽ ቆየልኝ፣ ከዚያ ጠፋ።

መስኮት ከፈትኩ። አቧራ ገባ።

የጠረጴዛ ማራገቢያ ደገንኩበት። እሱም ያው የአሶሳን ሙቀት ነው የሚያራግበው።

አሁንም ልቤ ጥፋቱ የራዲያተሩ ነው ይላል። ወይም እንዲሆን ስለፈለግኩ ነው።

ሐሙስ

ነገሩ ቀላል ነው። ውሃው የፕሮሰሰሩን ሙቀት ይዞ ወደ ራዲያተሩ ይሄዳል፣ ልክ እንደ መኪና። ማራገቢያው በራዲያተሩ ጥርሶች መሀል አየር ካላሳለፈ ውሃው እንደ ጋለ ይመለሳል።

ስለዚህ ሶፍት ቀደድኩና አየሩ በሚወጣበት በኩል ያዝኩት። ማራገቢያዎቹ በሙሉ ኃይላቸው ይሽከረከራሉ፣ መብራታቸው ቀይ ሰማያዊ ይላል። ሶፍቱ ግን ንቅንቅ አላለም! አንዱን ፈትቼ በባዶው ስይዘው ሶፍቱ ከእጄ በረረ። ሜዳ ላይ ጎበዝ፣ ጥብቅ ነገር ሲገጥመው ግን መግፋት የማይችል ነው።

ካርቶኑን እንደገና አነበብኩ። የአየሩ ብዛት በትልቁ ተጽፏል። ከሥሩ፣ በደቃቅ ፊደል፣ ግፊቱ አለ፤ ከአወድ ማራገቢያዎች ጋር የሚወዳደር አይደለም። አወድን አንብብ ስል እኔ ሁለተኛውን መስመር አላነበብኩም ነበር።

ያንን ሶፍት ይዤ ብቻዬን አለቀስኩ።

ከአሮጌዎቹ አንዱ መሳቢያ ውስጥ አለ። ሌላውን ለጎረቤታችን ለእትዬ አስካለ ሰጥቻቸዋለሁ። የካርቶን እንቁላል ማስፈልፈያቸው ውስጥ ሙቀቱን ያዞርላቸዋል። ሳላስፈቅደው መስጠቴስ?

ዓርብ

ማራገቢያውን እንዲመልሱልኝ ስጠይቃቸው እትዬ አስካለ ገና ሳልጨርስ ደነገጡ። «ምነው ልጄ፣ እንቁላሎቹ እኮ መሰንጠቅ ጀምረዋል! ዛሬ ነቅለሽ ብትወስጂው ጫጩቶቼን መግደልሽ ነው።»

ባለ መብራቱን አሳየኋቸው። ማስፈልፈያው ውስጥ ጥርስ የለ፣ ጥበት የለ፣ አየሩን ማዞር ብቻ ነው። ለዚህ ለዚህማ የኔው ይሻላል። አልዋጥ አላቸው፣ ግን ቆመው እያዩኝ ቀየርኩት። ሙቀቱ ሳይወርድ ሲያዩ ፊታቸው ፈታ አለ። አሁን ጫጩቶቹ በሐምራዊ መብራት እየተፈለፈሉ ነው። እትዬ አስካለ «የዳንስ ቤት አደረግሽብኝ» እያሉ ይስቃሉ።

እኔም ሳቅሁ፣ ከማክሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

የአወድን ሁለቱንም መልሼ ገጠምኩ። ጩኸቱ ተመለሰ። ሶፍቱ ተውለበለበ። አጎበሩን አልብሼው እንኳ ተውለበለበ። ቪዲዮው ሳይቆራረጥ አለቀ።

አጎበሩን ግን ማንም አላጠበውም።

ቅዳሜ

ፍላሹን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ዘሃራ ሻንጣ እየዘጋች ነው፤ አቀፈችኝ። ለአወድ በስልክ ልነግረው እችል ነበር፣ ግን የሰደብኩት እናቱ ፊት ነው። ስለዚህ እማማ ሐዋ ፊት ቆሜ ተናገርኩ። ራዲያተሩ ምንም እንዳልሆነ፣ ማራገቢያው እንደማይመጥነው፣ የቀየርኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ያልኩትም ነውር እንደሆነ።

እማማ ሐዋ እጄን ያዙኝ። «አንተ ልጄ ነህ። አፍህ ግን ትኩስ ነው» አሉኝ።

አወድ «ኸላስ፣ አለፈ» አለ። ከልቡ ይመስለኛል። ከአልጋው አጠገብ ግን የእሱም ቦርሳ ተዘጋጅቷል። ቶንጎ ያለው የአጎቱ ልጅ ፎቶ ቤት ከፍቷል፣ አብረን እንሥራ እያለ ሲለምነው ከርሟል። እስከ ማክሰኞ ድረስ እምቢ ብሎት ነበር።

«እስከ መቼ ነው?» አልኩት።

«ወላሂ አላውቅም። እናያለን።»

ሰኞ

ስቱዲዮው ውስጥ ከማራገቢያዎቹ ሌላ ድምፅ የለም። ስንት ጊዜ ያማረርኩበትን ጩኸት ዛሬ ደህና ጓደኛ አደረግኩት።

ከሰዓት አወድ ደወለ! ሰላምታውን በአጭሩ ጨርሶ «ስልኩን ወደ ማሽኑ አስጠጋ» አለኝ። አስጠጋሁ። ጩኸቱን አዳመጠ።

«አዎ። አሁን ልክ ነው» አለ።

መቼ ትመለሳለህ ልለው ስዘጋጅ ቀደመኝ።

«አጎበሩን ዓርብ ዓርብ እጠብ። እንዳትረሳ።»

እሺ አልኩት። ስልኩን ዘግቼ ዓርብ ሳይታጠብ የቀረውን አጎበር አወለቅኩ።