ዓይናችንን ያሰርንበት እሑድ

ለእታለሜ፣

እንዴት ከረምሽልኝ? ሳልሽ ለቀቀሽ ወይ? ባለቤትሽስ፣ ልጆችሽስ፣ ቤቱ ሁሉ ሰላም ነው? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር። ግን አንቺ በስልክ «አቤት» ስል ብቻ ሆዴን የምታነቢ ሰው ነሽ፤ ምን አደከመኝ። ደህና አይደለሁም፣ እታለም። ይህን የምጽፍልሽ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ፣ ፀሐይዋ ሳትሸሸኝ ነው። መስመሩ ከተጣመመብሽ ታገሺኝ።

መጀመሪያ የሥራዬን ልንገርሽ። ከስፌት መኪናዬ አስነስተውኛል። ዕድሜዬን ኮሌታና ኪስ ስተክል የኖርኩት ሴትዮ፣ ጥቁር ጨርቅ ላይ ጥቁር ክር ጠፋኝ። አንድ ቀን የሱሪ ኪስ ገልብጬ ሰፋሁ። አለቃችን ሱሪውን ሰው ሁሉ ፊት ከፍ አድርጎ ይዞ፣ ይሄ ኪስ ደግሞ የየትኛው ፍጡር እጅ ሊገባበት ነው አለ። ሁሉም ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ? በማግስቱ ወደ ማጠፊያው ጠረጴዛ ወሰደኝ። እዚያ ልብስ ማጠፍ ነው፤ ክፍያውም እንደ ሥራው ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ዓይን ሐኪም ዘንድ የሄድኩት። ለባለቤቴ፣ የመርፌ ሥራ አድክሞሽ ነው፣ ዕረፍት ያስፈልግሻል ተባልኩ አልኩት። ለአንቺ ግን አልዋሽም። ዓይኔ ከዳር ከዳር እየጠበበ ነው። አሁን የማየው በጠባብ ቱቦ ውስጥ እንደማየት ነው፤ ሲመሽማ ቱቦውም ይደፈናል። ሐኪሙ መድኃኒት የለውም አለኝ። እናታችን በመጨረሻ ዓይኗ እንዴት እንደጠፋ ነገርኩት። ብዕሩን አስቀምጦ፣ ልጆች አሉሽ ወይ አለኝ። እህት ወንድምስ? ለምን እንደጠየቀኝ አልገባኝም ብልሽ እዋሻለሁ። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ቤት አልነበረም። እኔን ትንሹም ትልቁም ያስቆጣኛል። ባለቤቴ እንደምታውቂው ከጋራዥ ዘይት እንጂ ወሬ ይዞ አይመጣም። ልጆቹ ደግሞ የክፍል ጓደኞቻቸው ዥዋዥዌና ባቡር ያለበት መዝናኛ ሄደው መጡና እነሱም ካልሄድን አሉ። ባለቤቴ አንገቱን ደፋ። ትልቁ፣ ጠበቃው የምንለው፣ ክርክሩን ሊቀጥል ሲል አባቱ አቋረጠው። የሚመጣው እሑድ የእናንተ ነው፤ እናንተ አቅዱ፣ እኛ እንታዘዛለን፤ ብቻ ኪሳችንን እንዳትነኩ አለ። ጠበቃው ወዲያው፣ አባዬ፣ ውሳኔው ይግባኝ የለውም ማለት ነው አለ። የለውም ተባለ።

አቤት የዚያ ሳምንት ሹክሹክታ! መጋረጃው ኋላ ገብተው ይንሾካሾካሉ፤ ስቀርብ ዝም ይላሉ። ታናሺቱ፣ ቅጥነቷን አይተን ጭራሮ ያልናት፣ ከፋብሪካ ቁርጥራጭ ጨርቅ አምጪልኝ አለችኝ። ለምንሽ ብላት፣ የመንግሥት ምስጢር ነው አለችኝ።

እሑድ ጠዋት ካርቶን አሸክመው ከሜዳው በላይ ወዳለው ተዳፋት ወሰዱን። ካርቶኑ ላይ ተቀምጦ በሣሩ ላይ መንሸራተት ነው። ባለቤቴ መጀመሪያ ግራ ቀኙን አየ፤ የሚያውቀው ሰው እንዳይኖር ፈርቶ መሰለኝ። አንዴ ከወረደ በኋላ ግን ልጆቹን ተራ ነሳቸው። በሦስተኛው ሱሪው ከኋላ ተተረተረ። ጠበቃው፣ እማዬ እዚያ ጋ ኪስ ስፊለት አለ። እታለም፣ ስለ ኪስ ከልቤ ስስቅ ያኔ የመጀመሪያዬ ነው። ምሳችንን፣ ድንች ቅቅልና ዳቦ፣ ቤት ውስጥ አንሶላ ዘርግተው በሠሩት ድንኳን ሥር በላን። ቀኑ እዚያ ላይ ቢያልቅ ምናለበት እላለሁ አሁን።

ከምሳ በኋላ የጭራሮ ተራ ሆነ። ጨርቆቹን አመጣች። የሁላችንንም ዓይን ጥርቅም አድርጋ አሰረች፤ የራሷን ደግሞ አባቷ በዳበሳ አሰረላት። ሳታዩ ጓዳ ሄዳችሁ፣ ብርጭቆ አግኝታችሁ፣ ውሃ ቀድታችሁ፣ ሳታፈሱ ማምጣት ነው አለች።

ባለቤቴ ገና ሲነሳ ግንባሩን ከቁም ሳጥኑ ጋር አጋጨ። ጠበቃው ባልዲ ውስጥ እግሩን ከተተና፣ ይህ ወጥመድ ነው፣ እከሳለሁ ብሎ ጮኸ። እኔ ግን ደነገጥኩ። ለካ ቤቱን በእጄ አውቀዋለሁ! ግድግዳውን በእጄ ጀርባ እየነካሁ፣ ደፉን በእግሬ ጫፍ እየፈለግሁ ሄድኩ። አሁን ነቁብኝ ብዬ ሆን ብዬ ወንበር ገፋሁ።

ጭራሮ ግን ምንም አልገፋችም። እርምጃዋን እሰማለሁ፤ አይቸኩልም፣ አይቆምም። ጓዳ ስንገናኝ እጄን ያዘችና፣ እማዬ ወደ ግራ፣ እዚያ ምጣድ አለ አለችኝ። ጨርቁን አላልታ እያየች ነው ብዬ የኔን ከዓይኔ ገፋ አድርጌ አየኋት። እስሩ ጥብቅ ነው። ብርጭቆውን አነሳች። ሌባ ጣቷን ከአፉ ላይ አጥፋ ወደ ውስጥ አስገባች፤ ውሃውን አንቆረቆረች፤ ጣቷን ሲነካት አቆመች። አንዲት ጠብታ አልፈሰሰም።

እታለም፣ እናታችን ውሃ ስትቀዳ ታስታውሻለሽ? ጭራሮ አላየቻትም፤ እናታችን ስታርፍ ገና አልተወለደችም። እኔም በልጆቼ ፊት እንዲያ ቀድቼ አላውቅም።

ማን አስተማረሽ አልኳት። ማንም አለችኝ። ማታ ማታ እንዲህ ነው የማደርገው፣ ሰው ሁሉ እንዲህ አይደል እንዴ የሚያደርገው አለችኝ። ከዚያ ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብላ፣ አንቺም በቀደም ግድግዳውን ስትዳብሺ አየሁሽ፤ ብቻሽን እንዳታፍሪ ብዬ ነው ሁላችንንም ያሰርኩት አለችኝ።

ከሳሎን ባለቤቴ፣ ውሃው የት ደረሰ፣ በጥም ልንሞት ነው እያለ ይስቃል። እኔ ጨርቁን መልሼ ዓይኔ ላይ አወረድኩት። እንዳታየኝ አልነበረም፤ የሷም ታስሯል። እንዳላያት ነው።

አሸናፊዋ ጭራሮ ሆነች። ወንድሟ እጇን ወደ ላይ አንስቶ ቤቱን አዞራት። አጨበጨብኩ። እጄ እስኪቃጠል አጨበጨብኩ።

ልጆቹ ግቢ ሲወጡ ለባለቤቴ የደበቅሁትን ሁሉ ነገርኩት። ሐኪሙ የጠየቀኝንም፣ የብርጭቆውንም ነገር። ወጥቶ ቧንቧው ጋ ቁጢጥ አለና እጁን ይታጠብ ጀመር። እጁ ንጹሕ ነበር። በሳሙና ያሸዋል፣ ያጥበዋል፣ እንደገና ያሸዋል። ጠበቃው አጠገቡ ቆሞ፣ አባዬ የሚቀጥለውን እሑድ ደግሞ ማቀድ እንችላለን ወይ እያለ ይጠይቀዋል። እንችላለን ልጄ አለው፣ ቀና ሳይል።

ጭራሮን ሐኪም ዘንድ ልወስዳት ቀጠሮ ይዣለሁ። ለእሷ መነጽር ሊለኩልሽ ነው ብያታለሁ፤ ቀይ ይሁንልኝ አለች። ብቻዬን የምችለው አልመሰለኝም። ጨክነሽ ነይ። ከቻልሽ ልጆችሽንም ይዘሻቸው ነይ።

ላስፈራሽ አልፈልግም። ብቻ እስክትመጪ ድረስ አንድ ነገር አድርጊልኝ። አመሻሽ ላይ፣ መብራት ሳታበሪ፣ ልጆችሽን ተራ በተራ ውሃ አምጡልኝ በያቸው። ምንም አትናገሪ። ሲመጡ እጃቸውን እዪልኝ።

ፈጣሪ ቤትሽን ይጠብቅልሽ። ያሳደግሽውን ለወግ ያብቃልሽ፤ የምታዪበትን ብርሃን ለአንቺም ለእነሱም ያቆይላችሁ።

የምትሳሳልሽ ታናሽሽ