ባዶ ጠብታ እንዳይወጣ ስለተላለፈው መመሪያ

ለክቡር የምርምር ተቋማችን ዋና ዳይሬክተር

ክቡርነትዎ ከነመላ ቤተሰብዎ በሙሉ ጤና ላይ እንደሚገኙ በማመን፣ ድንገት ቢታመሙም በእኛ ማሽን እንዳይመረመሩ ከልብ በመመኘት ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

እኔ በሁለተኛው ፎቅ የጠብታ ማሽኑን የማሠራው ባለሙያ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ክፍላችንን ሲጎበኙ በማይክሮስኮፑ አንዴ አየት አድርገው አብዛኞቹ ጠብታዎች ባዷቸውን እንደሚያልፉ ስለደረሱበት እናመሰግናለን። እኛ ሆን ብለን ስናደርገው ኖረናል፤ ብክነት መሆኑን የነገረን ግን አልነበረም። በማግስቱ «ባዶ ጠብታ እንዳይወጣ፣ ሴል ይጨመር» የሚል መመሪያ በራችን ላይ ተለጥፎ አገኘን።

ይህን አባታዊ ውሳኔ ተከትሎ የመጡ ጥቂት ቅሬታዎች አሉኝ፦

1ኛ. የሰውነት መከላከያ ሴሎች ሲያዩዋቸው አንድ ይመስላሉ፤ ጠባያቸው ግን እንደ አንድ እናት ልጆች ለየቅል ነው። አንዱ ተሐዋሲ ያሳድዳል፣ ሌላው ይተኛል፣ አንዳንዱ ደግሞ ነገር ፈልጎ የገዛ ቤቱን ይደበድባል። ማን ምን እንደሚሠራ ለማወቅ እያንዳንዱን ዘይት በከበባት አንዲት የውኃ ጠብታ ውስጥ ለብቻው እናስገባዋለን። ሁለት እንዳይገቡ አራርቀን ስለምንለቃቸው ብዙው ጠብታ ባዶ ይሆናል። አሁን በመመሪያዎ መሠረት ሦስት አራት ሆነው ተጨናንቀው ስለሚገቡ የሁሉም ወሬ ተደባልቆ ይደርሰናል፤ ጥፋተኛውን ከጨዋው መለየት አቅቶናል።

2ኛ. ታናሽ እህቴን የገዛ ሴሎቿ የጣቶቿን መገጣጠሚያ እያጠቁባት፣ ጠዋት ጠዋት የሸሚዟን ቁልፍ የምቆልፍላት እኔ ነኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ሰኞ መድኃኒት ትጀምራለች፤ የትኞቹ ሴሎች እንዳመፁ ካልነገርነው ሐኪሟ የሚያዝላት በግምት ነው። መድኃኒቱ ከገባ በኋላ ሴሎቹ ጠባያቸውን ስለሚለውጡ ደሟን እንደገና መቅዳት አይጠቅምም። የነበረን አንድ ብልቃጥ ናሙና ነው፤ ግማሹን ትናንት መመሪያዎን አክብረን አበላሽተነዋል። ይህን ስጽፍ በጣም ተናድጃለሁ፤ ትሕትናዬ ግን እንደተጠበቀ ነው።

3ኛ. ዘይት ቆጥበውልናል። ይህ ምስጋና ነው፤ ከቅሬታዎቹ ጋር የተቆጠረው በስሕተት ነው።

ስለዚህ መመሪያውን እስከ ረቡዕ እንዲያነሱልን፣ ማንሣቱ ክብርዎን የሚነካ ከሆነም በሩ ላይ እንዲቆይና እኛ ግን አንብበነው ብቻ እንድናልፍ እንዲፈቅዱልን በአክብሮት እለምናለሁ።

ባዶ ነገር ባዩ ቁጥር እንቅልፍ ለሚያጡት ክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ የምትመኝ፣ ታዛዥነቷ ረቡዕ ማታ የሚያበቃው፣
የጠብታ ማሽን ባለሙያዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አዳራሽ በሚያህለው ቢሮዎ ውስጥ እነዚያ ሁሉ ወንበሮች ባዷቸውን እንደሚውሉ ሰምተን አዝነናል። መልስ ካጣን ሐሙስ ማለዳ እህቴን፣ አክስቶቻችንን፣ አጎቶቻችንን ከነልጆቻቸው ይዤ እመጣና አንድም ወንበር ባዶ እንዳይቀር አደርጋለሁ። ሁላችንም በአንድ ጊዜ ስናመለክትዎ ማን ምን እንዳለ መለየት ቢያቅትዎ፣ እኛንም የቸገረን እሱ ነው።